የሐጂ ትራስ

የተያዝኩት በማስተማር ላይ እያለሁ ነው። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የሰውን አጽም ሰሌዳው ላይ እየሳልኩ፣ ገና ከራስ ቅል ወደ አንገት እየወረድኩ ሳለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩን ገርበብ አድርጎ «ቲቸር፣ ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ» አለኝ። ከኋላው ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ጠመኔዋን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፣ እጄን አራገፍኩና ለተማሪዎቹ «የቀረውን ስመለስ እንጨርሳለን» አልኳቸው። ሥዕሉ ከአንገት በታች ሳይሳል ቀረ።

ያስገቡኝ ከከተማው ዳር ወደሚገኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የማሽላ ብናኝና የሰው ላብ ሽታ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ግን ሰው ሳይሆን ጫማ ነው። ከበሩ ሥር ብዙ ጫማ፣ ጥንድ ጥንዱ ሳይለያይ፣ አፍንጫው ወደ ግድግዳ ዞሮ ተደርድሯል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጃፍ የደረስኩ መሰለኝ። ሥርዓት ስለምወድ ያን ሳይ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። የኔንም አውልቄ ከጫፉ አስተካክዬ አቆምኩ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው ጫኑልኝ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። የክፍሉ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው፣ ከአዘዞ ፒያሳ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። መጋዘኑንም የሚያስተዳድረው እንደ ሚኒባሱ ነው። «መምህር ነህ? ና ግባ። ትርፍ ነህ፣ ግን ትራፊክ የለም» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለካ ከትምህርት ቤቱ ከወጣሁ ጀምሮ ጥርሴን ነክሼ ኖሯል፤ አገጬን ሲያመኝ ነው ያወቅሁት።

አተኛኘታችንን ላስረዳ፤ ያለዚያ የሐጂ ነገር አይገባም። ሰው ስለበዛ በጀርባ መተኛት አይቻልም። የምንተኛው በጎን ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ሥር፣ ክብሪት ቀፎ ውስጥ እንዳለ እንጨት። ማንም ብቻውን መዞር አይችልም። የተኛንበት ጎን ሲደነዝዝ ካቦ «ዙር!» ይላል፤ መስመሩም እንዳለ ባንድ ጊዜ ይገለበጣል።

የሐጂ መስመር ግን አይዞርም። ሐጂ አዲስ ዓለም ሰፈር ከአያት ከአባታቸው ጀምሮ ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሃይማኖታቸው እንዳስተማራቸው በቀኝ ጎናቸው ነው የሚተኙት። ማንንም «አታዙሩኝ» አላሉም። ካቦ ራሱ አይቶ «የሐጂ መስመር በቀኝ ይደር፤ አለቀ!» ብሎ ደነገገ። ቦታቸው የመስመሩ መጀመሪያ ነው፤ በቀኛቸው ግድግዳው፣ በግራቸው እኔ። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የማየው የሐጂን ማጅራት ነበር። ተማሪዎቼን መልክ በመልክ እንደማውቅ ያን ማጅራት አውቀው ነበር፤ ንጹሕ፣ ቀጭን፣ ከቆቡ በታች ሁለት አግዳሚ መስመር ያለበት።

ትራስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ወይም ባዶ ሃይላንድ ነው የሚንተራሰው። ሐጂን በዕድሜ የሚያህላቸው ስላልነበረ ግን፣ እኔ እንደገባሁ ሰሞን ኮቴን አጥፌ ከራሳቸው ሥር አደረግሁላቸው። «አላህ ይስጥህ ልጄ» አሉ። በማግስቱ ከጃናሞራ የመጡት ገበሬ ካፖርታቸውን ጨመሩ። ካቦም የቆዳ ጃኬቱን ደረበ። ከዚያ ወዲያ የኔስ ይቅር የሚል ጠፋ። የጥምቀት ሰሞን ብርድ አጥንት ይገባል፤ ቢሆንም ሹራቡንም ሻርፑንም እያወለቀ ያላኖረ የለም። ትራሱ አደገ። ካቦ ማታ ማታ እያየ «ሐጂ ፎቅ ሠሩ፤ ካርታው ይውጣላቸው» ይል ነበር።

ሐጂ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ይሰግዳሉ። ስግደታቸውን ሲጨርሱ አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው «አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ» ይላሉ፤ ቀጥሎ ወደ ግራ ዞረው ያንኑ ይደግማሉ። በግራ ያለሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ይህ ሰላምታ ለማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ለመላእክቱ ነው» አሉኝ። «ደግሞ አጠገብህ ላለው።»

«አጠገብዎ ያለሁት እኔ ነኛ!»

«ታዲያ ለማን መሰለህ የምለው?»

ከዚያ ቀን በኋላ የግራው ሰላምታ ሲደርሰኝ፣ ተኝቼም ብሆን፣ «እንደምን አደሩ ሐጂ» እላለሁ። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። የመጋዘኑ ጠዋት ለኔ የሚጀምረው በዚያ ነበር። ለራሴም ይገርመኛል፤ ዛሬ ያን ቦታ ሳስብ ቀድሞ የሚናፍቀኝ ያ ሰላምታ ነው።

አንድ ጠዋት የቀኙ ሰላምታ መጣ፤ የግራው ቀረ።

ጠበቅሁ። ሐጂ እግራቸውን አጥፈው እንደተቀመጡ ናቸው፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደዞረ ቀርቷል። የዓይናቸው ጥግ ብቻ ወደኔ መጣ። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ።

«ሐጂ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም። አንገቴ ነው። እምቢ አለኝ።»

ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ሰው ነቃ። የጃናሞራው ገበሬ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ ብድግ ብለው ሐጂን አዩና ጋቢያቸውን በአፍንጫቸው ላይ ሳቡ።

«ማጅራት ገትር ነው!» አሉ። «የእኅቴን ልጅ የወሰደብኝ እንዲህ አንገቱን አድርቆ ነው። በበጋ፣ በዚህ ወር። ምነው ዝም ትላላችሁ? ሁላችንን ይጨርሰናል!»

በሐጂ ዙሪያ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ለእግር መዘርጊያ ጠፍቶ በነበረበት መጋዘን ውስጥ ባንድ ጊዜ ሰፊ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። ሐጂ መሐሉ ላይ ተቀምጠዋል። ወዴትም መዞር ስለማይችሉ ማን እንደሸሸ ማን እንደቀረ አላዩም።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከግቢው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ተላላፊ በሽታ ይዞታል የተባለ ሰው ወደዚያ ይወሰዳል። ከኛ መካከል ሲያስል የከረመ አንድ ሰው ተወስዶ አልተመለሰም፤ ወዴት እንደተዛወረ የነገረን የለም። ሚስቱ ስንቅ ይዛ መጥታ «እዚህ የለም» ሲሏት በመስኮቱ ሰምተናል። ለሐጂ ደግሞ ስንቅ የምታመጣላቸው አንዲት ልጃቸው ነበረች።

የታመመ ሰው ካለ በጠዋት ቆጠራ የሚናገረው ካቦ ነው። ቢናገር ሐጂ ይሄዳሉ። ቢደብቅና በሽታው እውነት ቢሆን፣ በዚያ መተፋፈግ የሚተርፍ ሰው አይኖርም። ካቦ ቀልዱን ረስቶ ጢሙን ያሻል።

«ቲቸር፣ ባዮሎጂ አይደል የምታስተምረው? ምንድነው?» አለኝ።

አንገት ስንት አጥንት እንዳለው አውቃለሁ። ይህ አንገት ለምን እንደደረቀ ግን አላውቅም ነበር፤ አላውቅም አልኩት።

ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ የሚተኛው ልጅ እግር ሰው ተነሣ። የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ነበር። በቅርቡ ስለገባና ዝምተኛ ስለሆነ ከስሙ ይልቅ «ፊዚዮ» ነበር የምንለው። ባዶውን ቦታ አቋርጦ ሐጂ ፊት በርከክ አለ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልንካዎት?»

«ንካ ልጄ። የሚነካኝ ከተገኘ።»

የእጁን ጀርባ ግንባራቸው ላይ አደረገ፤ የራሱንም ነካ፤ እንደገና የሳቸውን። «ላቡ የሕመም ነው፤ ትኩሳት የለም» አለ። አስመለሰዎት? አላስመለሰኝም። ብርሃን ዓይንዎን ይወጋዎታል? አይወጋኝም። ራስዎን ይፈልጥዎታል? እንደሱ አይደለም፤ እዚህ ነው፣ ከጆሮዬ እስከ ትከሻዬ ገመድ እንደተወጠረ። መቼ ጀመረ? ማታ ደህና ተኛሁ፤ ስነቃ ይህ ሆነ።

«ወድቀው፣ ተመትተው ያውቃሉ? እዚህም ቢሆን፣ ከዚያ በፊት?»

ሐጂ «እኔን የመታኝ የለም» አሉ።

ፊዚዮ ሁለት ጣቱን ሰጥቶ «ይጭመቁኝ» አለ፤ በቀኝም በግራም አስጨመቀ። «ኧረ ቀስ!» ብሎ ፈገግ አለ። እጅዎ ይደነዝዛል? አይደነዝዝም። ከዚያ ወደኛ ዞሮ፣ በተለይም ወደ አያ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«አሁን የምጠይቃቸውን ልብ ብላችሁ እዩ። ማጅራት ገትር የያዘው ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ማድረስ አይችልም። አንገቱ ወደ ፊት አይታጠፍም።»

ውጭ ወደ አዘዞ የሚወርድ ሚኒባስ ክላክስ ሲያደርግ ይሰማል።

«ሐጂ፣ አገጭዎን ቀስ ብለው ወደ ደረትዎ ያውርዱ። ሳያስገድዱ።»

ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ። ጢማቸው በመጀመሪያ የሸሚዛቸውን አንገትጌ ነካ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ቁልፍ። ቀጥሎ አገጫቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። እዚያው እንዳለ «ከዚህ በላይ ልውረድ?» ብለው ጠየቁ።

የሆነ ሰው ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀ። ካቦ ነው መሰለኝ።

ፊዚዮ ወደ ቀኝ እንዲዞሩ አደረገ፤ ዞሩ። ወደ ግራ ሲባሉ ግን ገና ከመነሻው ፊታቸው ተጨማደደ። በጣቱ ከአንገታቸው ሥር እስከ ትከሻቸው ዳበሰና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ይኸው፤ እንደ ዋልካ ጓል ጠጥሯል። ጡንቻ ነው። ተኮማትሮ ተቆልፏል። አጥንትም አይደለም፣ ማጅራት ገትርም አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማንም ሰው ጠምዝዞ ቀጭ ላድርገው እንዳይል።»

ካቦ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ኋላ እንደነገረኝ ያሰበው ልክ ያንኑ ነበር።

ቆጠራ ደረሰ። በመስመር ተቀመጥን። ጠባቂው በበሩ ላይ ቆሞ ሲቆጥር ሐጂ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ሰውዬ ምነው በጎን ያየኛል?»

«መሪው ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚታጠፈው ጌታዬ» አለ ካቦ። «መካኒክ አይቶታል። ሞተሩ ደህና ነው።»

«የታመመ አለ የለም?»

ካቦ ወደ ፊዚዮ አየ። ፊዚዮ ዓይኑን አላነሣም፤ ራሱን ግን በአጭሩ ነቀነቀ። አያ ከኋላዬ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። አንዲት ቃል ከአፋቸው ብትወጣ ነገሩ ሁሉ ይፈርስ ነበር።

«የለም» አለ ካቦ።

አያ ዝም አሉ። በሩ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ነው የትራሱ ነገር የመጣው። ፊዚዮ ሕመሙን ካወቀ በኋላ ምክንያቱን ሳያገኝ የሚተው ዓይነት አልነበረም። ያን ጠባዩን ወደድኩለት። «ሐጂ፣ እንደሚተኙት ሆነው ይተኙልኝ» አለ። እያቃሰቱ በቀኝ ጎናቸው ተኙ። ፊዚዮ ከእግራቸው በኩል ሄዶ አየ። ከዚያ ወደኛ ቀና አለ።

«ይህን ትራስ ማን ሠራው?»

«ሁላችንም!» አልን፤ አንዳንዱም በኩራት።

«እንግዲያውስ ያሳመማችኋቸው እናንተ ናችሁ።»

መጥታችሁ እዩ ብሎ ጠራን። እውነትም ራሳቸው በልብሱ ክምር ተገፍቶ ወደ ግራ ትከሻቸው ታጥፏል፤ ማጅራታቸው እንደ ወፍጮ እጀታ ጎብጧል። «ሰው ስንት ሰዓት እንዲህ ሆኖ ያድራል? ደግሞ አታዞሯቸውም! ትራስ ሥራው በጆሮና በትከሻ መካከል ያለችውን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ራስን መስቀል አይደለም።»

እኔ በየሌሊቱ ከኋላቸው ተኝቼ ያን ጉብጠት ሳይ ነው የከረምኩት። መልካም እንዳደረግን እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

«ሐጂ፣ ከፍ ማለቱ አልታወቀዎትም ኖሯል?» አልኳቸው።

«አንገት ያለው ሰው እንዴት አያውቅም?»

«ታዲያ ምነው አይነግሩን ነበር?»

ዓይናቸውን ብቻ ወደኔ መለሱ። «ልጄ፣ በዚህ ብርድ ልብሱን አውልቆ ለሰጠኝ ሰው ምን ልበለው? ለአንዱ በቃኝ ብለው፣ የሌላውን ወሰዱ የኔን ናቁ ይላል። ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ ሰው ሲያለብስህ እምቢ አይባልም።»

ካቦ ጎንበስ ብሎ ክምሩን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ሐጂ መዳፋቸውን አነሡ። «ተው። የሰጠኝ ሰው ከእጄ ይቀበል።»

ተነሥተው ተቀመጡ። አንገታቸው ወደ ልብሱ ስለማይዞርላቸው በእጃቸው ብቻ እየዳበሱ ከላይ ጀመሩ። ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ያሻሉ፤ ያውቁታል። «ይህች የቆዳ ናት፤ የሹፌሩ። ገበሯ አልቋል፣ ስትወጣ ና ልቀይርልህ።» አራግፈው፣ አጥፈው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡት። ካቦም በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እንደሱ አድርጎ ነገር ሲቀበል አይቼው አላውቅም። «ይህ ሱፍ ነው፤ የድሮ የወታደር ካፖርት። የጃናሞራው ወንድሜ፣ የት ነህ?»

አያ ከሸሹበት ጥግ ተነሡ። እንደ ሌላው ጊዜ ፈጥነው አልመጡም። ሲደርሱ ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ።

«አያ ሐጂ፣ ፈርቼ ነው» አሉ።

«የእኅትህን ልጅ ቀብረህ ባትፈራ ነበር የሚገርመኝ። ልበሰው፤ ብርድ ነው።»

እንዲህ እያሉ ሁሉንም መለሱ። በአንዱም አልተሳሳቱም። በመጨረሻ ከሥር የቀረው የኔ ኮት ነበር። «የመምህሩ» አሉ። «ኪሱ ውስጥ ጠመኔ አለ፤ በመጀመሪያዋ ሌሊት ጆሮዬን ወጋኝ።» እኔም ተቀበልኩና ጠመኔዋን አውጥቼ አየኋት። ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደ። ለትራስ የራሳቸውን ቀጭን ሻርፕ ብቻ አስቀሩ፤ ፊዚዮ ጠቅልሎ ክፍተቷን ለካላቸው።

ሕክምናው የጀመረው በዚያው ጠዋት ነው። መድኃኒት አልነበረንም፤ ሻይ ነበረን። የጠዋት ሻይ ከወጥ ቤት በባልዲ ሲመጣ፣ የአንድ ሰው ድርሻ ሃይላንድ ውስጥ ይቀዳና በፎጣ ተጠቅልሎ የሐጂ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ሲቀዘቅዝ ባለቤቱ ይጠጣዋል፣ የሚቀጥለው ሰው ሃይላንድ ይተካል። በመጀመሪያው ቀን ቀድመው የሰጡት አያ ነበሩ። ቀዝቃዛውን ሻይ ጎንጨት አድርገው «ሸጋ ነው» አሉ።

ሻዩ ካሞቀው በኋላ ፊዚዮ እንቅስቃሴውን ያሠራል። በመጀመሪያ ወደማያመው ጎን። ቀጥሎ መዳፍን ጉንጭ ላይ አድርጎ ጉንጭ እጁን፣ እጅም ጉንጩን በቀስታ ይገፋል፤ አንገቱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ከዚያ ለቀቅ፣ ትንፋሽ። ከዚያ በዓይን ወደ ግራ ማየት፣ አንገቱ ዓይንን እንዲከተል። «ሕመሙ ቁም ካለዎት ይቁሙ» ይላቸዋል። ካቦ ከጎን ሆኖ «ግራ ፍሬቻ አብሩ ሐጂ!» ይላል። ውሎ አድሮ መጋዘኑ በሙሉ አብሮ መሥራት ጀመረ፤ ለካ የሁላችንም አንገት ደርቆ ኖሯል። እኔም ዕድሉን አግኝቼ የተቋረጠውን ትምህርቴን ቀጠልኩ። የሰው ራስ አምስት ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን፣ አንገት ሰባት አጥንት እንዳለው፣ ቀጭኔም ያን ሁሉ ቁመት ይዛ ያው ሰባት ብቻ እንዳላት በጠመኔዬ ሲሚንቶው ላይ እየሳልኩ አስረዳሁ።

«ቲቸር» አለ ካቦ፣ «ፈተና ላይ ይመጣል?»

የሐጂ መስመርም እንደሌላው «ዙር!» ሲባል መዞር ጀመረ። በግራ ጎናቸው ሲሆኑ ፊታቸው ወደኔ ማጅራት ይሆናል። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለታችንም አፈርን፤ ከዚያ ለመድነው።

በየጠዋቱ ስግደታቸውን ሲጨርሱ ግን የግራው ሰላምታ በዓይን ብቻ ነበር። ወገባቸውን ጠምዝዘው መዞር ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። «አንገት የሚሠራውን ወገብ ቢሠራው ማታለል ነው» አሉኝ። ትንሽ በትንሽ ግን ያየሁት ነገር ጨመረ። አንድ ጠዋት ጆሮአቸው ታየኝ። ሌላ ጠዋት ጉንጫቸው። ከዚያም የአፍንጫቸው ጫፍ ከጉንጫቸው ጀርባ ብቅ አለ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ፣ መስኮቱ ገና ግራጫ ሳለ፣ የቀኙን ሰላምታ ጨርሰው ቆም አሉ። ከዚያ ሳይቸኩሉ ዞሩ። ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ወደኔ መጣ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።»

«እንደምን አደሩ ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አሁንም አንገታቸውን አልመለሱም። ከኋላዬ አያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ ሰማሁ። ነቅተው ኖሯል። የነቃ ሌላም ሰው ነበር መሰለኝ፤ ግን ማንም ያን ጠዋት አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ተፈታን። እኔ ስመለስ ሥዕሉ ከሰሌዳው ላይ ጠፍቷል፤ ተማሪዎቹም አሥረኛ ክፍል ገብተዋል። ካቦ ዛሬም ከአዘዞ ፒያሳ ይሠራል፤ ሲያየኝ «ጠጋ በሉ፣ ፕሮፌሰር ጫኑ!» ብሎ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ያደርጋል። ፊዚዮ ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። አያ ለገበያ መካነ ብርሃን ሲወጡ ስልክ ያስደውላሉ፤ ከሰላምታ በኋላ የሚጠይቁት ሁልጊዜ ያንኑ ነው፤ «የአያ ሐጂ አንገት ደህና?»

ለአዲሶቹ ተማሪዎቼ አጽሙን ስስል አንገት ላይ ስደርስ ትንሽ እቆያለሁ። ሰባቱን አንድ በአንድ እስላቸዋለሁ። ስለ ትራስም እነግራቸዋለሁ፤ ለምን እንደማውቀው ግን አልነገርኳቸውም።

ሐጂ ወደ ሱቃቸው ተመልሰዋል። መጀመሪያ ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ያሰፉትን ቀጭን ትራስ ሰጡኝ፤ ከጆሮዬ እስከ ትከሻዬ ያለውን በጨርቅ ሜትራቸው ለክተው። እስከ ዛሬ በሱ ነው የምተኛው። አንዳንድ ቀን ከትምህርት በኋላ በአሱር ሶላት ሰዓት ጎራ እላለሁ። ከጣቃዎቹ ኋላ ባለችው ጠባብ ቦታ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ይሰግዳሉ። ሱቁ ውስጥ ወንበሩ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ነፋስም ብርሃንም እዚያ አለ። እኔ ግን አንሥቼ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ከምንጣፉ በስተግራ አስቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ።